ለወዳጄ ፊልም የሰጠሁት አራት

ፊልም የሚታየው ከኋላ ነው። ይህን የምለው ተምሬ አይደለም፤ የእኔ ትምህርት ዳዊት ከመድገም አላለፈም። ቢቸና አዳራሽ በር ላይ ሠላሳ ዓመት ስለቆምኩ ነው። ቲኬት የሚቆርጠው ሌላ ሰው ነበር። የእኔ ሥራ ዱላ ይዞ የመጣውን ዱላውን ተቀብሎ ማስቀመጥ፣ ሰው ሲሞላ በሩን መዝጋት፣ መብራቱ ሲጠፋ ደግሞ የኋላውን ግድግዳ ተደግፎ መቆም ነው። ከዚያ ቦታ ሸራው ሩቅ ነው። ቅርብ የሆነልኝ የሰው ማጅራት ነው።

ማጅራት አይዋሽም። ፊት ለይሉኝታ ይስቃል፣ ለይሉኝታም ያለቅሳል። ማጅራት ግን ፊልሙ ሲሰለቸው ይታከካል፣ ጋቢ ይጎትታል፣ ወደ ጎረቤቱ ዞሮ ስለ ዝናቡ ይጠይቃል። ፊልሙ ሲይዘው ደግሞ ያ ሁሉ ሰው እንደተተከለ አጥር ቀጥ ይላል፤ በእናቱ ጀርባ ያለ ሕፃን እንኳ ዝም ይላል። የሕንዱንም፣ የአዲስ አበባውንም፣ የጤና ሰዎች ስለ ወባ ያመጡትንም በዚህ ነው የመዘንኩት። የወባው፣ ይግረማችሁና፣ ጥሩ ነበር።

ጡረታ ከወጣሁ ከዓመታት በኋላ ይህቺ የማጅራት እውቀት ሰው ጆሮ ደረሰች። ሞጣ ላይ የፊልም ውድድር ሊደረግ ነው፤ ወጣቱም መምህሩም በካሜራም በስልክም የሠራውን አጭር ፊልም ያቀርባል፤ ሦስት ዳኛ ይቀመጣል፤ ከሦስቱ አንዱ የአገር ሽማግሌ ይሁን ተባለ። ከአዘጋጆቹ አንዱ ልጅ ሳለ በክንዴ ሥር ሾልኮ አዳራሽ ይገባ የነበረ ነው። አይቼ እንዳላየ እተወው ነበር። "እኒያ አባባ በዚህ አገር ከማንም በላይ ፊልም አይተዋል" ብሎ ጠቆመኝ። ሽምግልናም ቢሆን አላንስም፤ ስንት ድንበርተኛ፣ ስንት ባልና ሚስት አስታርቄያለሁ። እሺ አልኩ። እሺ ስል የሚወዳደረው ማን እንደሆነ አልጠየቅሁም።

እዚህ ላይ ወዳጄን ላስተዋውቃችሁ። ተወልጄ ያደግሁት ሞጣ ነው፤ አብሮኝ ያደገው እርሱ ነው። እነርሱ ሙስሊም ናቸው፤ አያቱም አባቱም በዚያው በገበያው ዳር ልብስ ሰፊ ነበሩ፤ እርሱም እስከ ዛሬ እዚያው በረንዳ ላይ ነው። የዘበኝነት ካፖርቴን ሠላሳ ዓመት የጠገነው እርሱ ነው፤ በመጨረሻማ ካፖርቱ ከጨርቁ ይልቅ የእርሱ ክር ይበዛበት ነበር። በፋሲካ እኔ ቤት ሲመጣ የራሱን በግ ራሱ ቢስሚላህ ብሎ ያርዳል፤ በእነርሱ በዓል እኔ ስሄድ ሚስቱ ለእኔ ሽሮ በቅቤ ለብቻ ትሠራልኛለች። "የእኔን በግ ጠልተህ ሽሮ ስትውጥ አላሳዝንህም?" ይለኛል በየዓመቱ። በየዓመቱ እንስቃለን።

ዓይኑ ከደከመ ቆይቷል። መስፋቱን ግን ይሰፋል፤ እጁ መንገዱን ያውቀዋል። ያቃተው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት። መነጽር ቢያደርግም አልሆነለትም። ስለዚህ የበረንዳውን ምሰሶ በወፍራም ጨርቅ ጠቀለለና መርፌዎቹን ሰካበት። ነጩን ክር በአንድ በኩል፣ ጥቁሩን በሌላው በኩል አንጠለጠለ። የክሩ ርዝመት እስከ የት እንደሆነ ምሰሶው ላይ በጠመኔ አሰመረ። ጠዋት ጠዋት በዚያ የሚያልፍ ሰው ቆም ይልና አንድ መርፌ ክር አስገብቶ፣ በጠመኔው ለክቶ፣ በጥሶ መልሶ ይሰካዋል። ያዘዘው የለም። ፀሐይ ሞቅ ሲል ለቀኑ የሚበቃ መርፌ ምሰሶው ላይ ተሰልፎ ይጠብቀዋል።

ይህን አንዲት መምህርት አየች። ከወላይታ የመጣች፣ ሞጣ ተመድባ ባዮሎጂ የምታስተምር ልጅ ናት። ቀሚስ ልታሳጥር ብትሄድ "ልጄ፣ ዓይንሽ ደህና ነው? እስቲ ይቺን አቀብዪኝ" አላት። መርፌዋን ክር አስገብታ ሰጠችው። በማግሥቱ ስልኳን ይዛ መጣች። አንድ ወር ሙሉ በየጠዋቱ እየመጣች ቀረጸችው፤ እርሱም መጀመሪያ ሰሞን ሲያያት ኮቱን ያስተካክል ነበር፣ ኋላ ረሳት። የቀረጸችውንም ለዚያው ውድድር አስገባችው።

አሁን ደግሞ እህቱ። ደጀን የምትኖር ታላቅ እህት አለችው። አዝላ ያሳደገችው እርሷ ናት፣ መርፌ ያስያዘችውም እርሷ ናት፤ እኔንም ጭምር ቂጣ እየቆረሰች አብልታኛለች። ዳሌዋ ከተሰበረ ወዲህ ከቤት አትወጣም። የእርሱም ወገብ መኪና አይችልም። በዚያ ላይ መንገዱ ተከፈተ ተዘጋ ሲባል ስድስት ዓመት ሳይተያዩ ቆዩ። በስልክ ያወራሉ፤ የእርሷ ስልክ ባለ ቁልፍ ናት፣ ድምፅ እንጂ መልክ አታመጣም። ታዲያ አንደኛ የወጣው ፊልም በቴሌቪዥን ይታያል የሚል ወሬ እንደሰማ ወዳጄ መጀመሪያ የደወለው ለእርሷ ነው።

"በቴሌቪዥን ልታዪኝ ነው" አላት።

ይህን ሁሉ የሰማሁት ውድድሩ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ እዚያው በረንዳ ላይ ተቀምጬ ነው። ዳኛ መሆኔን ነገርኩት። እጁ መርፌ እንደያዘ ቆመ።

"በል እንግዲህ ተጠንቀቅ" አለኝ። "ለእኔ አድልተህ እንዳታሳፍረኝ።"

"ለአንተ ማን ያደላልሃል? የካፖርቴን ኪስ ገልብጠህ የሰፋኸውን አልረሳሁም።"

"እርሱን የሰፋሁት እንደ ባለቤቱ ነው።"

ሳቅን። ይህቺን "አድልተህ እንዳታሳፍረኝ" የምትል ቃል ይዤ ግን ወደ ቢቸና ተመለስኩ። በመንገድም፣ በመኝታም አልለቀቀችኝም።

በውድድሩ ቀን ስምንት ፊልም ታየ። እንደ ዳኛ ፊት ወንበር ሰጥተውኝ ነበር፤ "ከዚህ አይታየኝም" ብዬ ወንበሬን አስነሥቼ ኋላ ግድግዳው ጥግ አስቀመጥኩ። ስድስቱን ልተዋቸው። ሰባተኛው የሞጣ ልጆች የሠሩት ትልቅ ፊልም ነበር። ልጁ ልጅቷን ይወዳል፣ አዲስ አበባ ይሄዳል፣ በመኪና ሲመለስ ዓባይ ቁልቁለት ላይ ይገለበጣል፣ ይቀበራል። ልጆቹ ለፍተዋል። ዝናብ እንዲዘንብ ብለው ከጣሪያ ላይ በጎማ ውኃ ረጭተዋል፤ ከኋላ ግን ግድግዳው ላይ ፀሐይ ፍንትው ብላለች። አስከሬኑም ሁለት ጊዜ ዓይኑን አርገበገበ። ሰው ግን ተነካ፣ እናትየዋ ስታነባ አዳራሹ ሁሉ አፍንጫውን ጠራረገ። እያለቀሰም ማጅራቱ ይታከክ ነበር። እኔ ይህን አየሁ።

ስምንተኛው የወዳጄ ነበር። አሥራ ሁለት ደቂቃ ነው። የሚናገር ሰው የለበትም። ምሰሶው ይታያል፣ እጆች ይመጣሉ። የተማሪ እጅ፣ ቀለም የነካው። ጎመን ይዛ የመጣች ሴት እጅ፣ እርጥብ፤ በቀሚሷ አድርቃ ነው መርፌዋን የያዘችው። ለምድ የደረበ የቅኔ ተማሪ፣ ክሩን በከንፈሩ ያረጠበ። ፖሊስ፣ ጠመንጃውን ትከሻው ላይ አስተካክሎ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ እንደሚያነጣጥር ሰው። አንዷ ሕፃን ያዘለች ናት፤ ሕፃኑ ክሩን ይዞ አልለቅም አላት። ከዚያ ደግሞ የወዳጄ እጅ አንድ በአንድ እያነሣ ሲሰፋ። በመጨረሻ ሲመሽ አንድ ባዶ መርፌ ቀረች። ራሱ ሞከረ። አቃተው። አሁንም ሞከረ። ከዚያ ለብቻው ሳቅ አለና ባዶዋን መርፌ መልሶ ምሰሶው ላይ ሰካት፣ ለነገ። አለቀ።

ማጅራት አየሁ። አንድም የሚንቀሳቀስ የለም። መብራት በርቶም ትንሽ ቆዩ። በሠላሳ ዓመት እንዲህ ያለ ነገር ያየሁት ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ነው። ነገሩ አለቀ፣ እህቱ ታየዋለች አልኩ።

እንግዲህ የእኛን ሽምግልና ለማያውቅ ሰው አንድ ነገር ልንገር። ሽማግሌ ሲቀመጥ የመጀመሪያ ቃሉ የመጨረሻ ቃሉ አይደለም። ከተጣሉት አንዱ ወዳጅህ ከሆነ ደግሞ አስቀድመህ የምትከፋው በእርሱ ላይ ነው። "ጥፋቱ ያንተ ነው፣ ካስ" ትለዋለህ፣ ካሳውንም ታበዛበታለህ። ያኔ ሌሎቹ ሽማግሌዎች "ኧረ አበዛኸው፣ ቀንስለት" ይላሉ። አንተ ትንሽ ታንገራግራለህ፤ ኋላ "እናንተ ካላችሁ" ትላለህ። ወዳጅህ ይተርፋል፣ ያንተም ስም ይተርፋል፣ ባዳውም "ተዳላብኝ" ብሎ አያዝንም። አባቶቻችን ያስታረቁት በዚህ ነው፤ እኔም የማውቀው ዳኝነት ይኸው ብቻ ነው።

ከአዳራሹ ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል ገባን። አንዱ ዳኛ ከባሕር ዳር የመጣ ባለሙያ ነው፣ ባለ ኮፍያ ወጣት። ሁለተኛዋ ቤተ መጻሕፍት የምትሠራ ሴት ናት፣ የደብረ ኤልያስ ልጅ። ለየፊልሙ ከአሥር የምንሰጠውን በየወረቀታችን ጽፈን ፈረምን። ባለሙያው ሰበሰበና ማንበብ ጀመረ።

"ለልብስ ሰፊው እኔ ስምንት፣ እህታችን ዘጠኝ። አባባ..." ወረቀቴን አገላበጠ። "አራት ነው ያሉት?"

"አራት" አልኩ፣ ጠንከር ብዬ።

ሴትዮዋ ቀና ብላ አየችኝ። ጠበቅሁ። አሁን "ኧረ አበዙት አባቴ" ትላለች ብዬ ነው። ምንም አላለችም።

"ለመኪናው ፊልም እኔ ሰባት፣ እህታችን ስድስት፣ አባባ ዘጠኝ።" ደመረ። "ሃያ ሁለት ለሃያ አንድ። የመኪናው አንደኛ። በቃ፣ ተጠናቀቀ።"

"እንዴት ነው የሚጠናቀቀው? ገና መች ተነጋገርን?"

"ምን እንነጋገራለን አባባ? ተደመረ እኮ።"

"ለእርሱ አራት፣ ለእነዚያ ዘጠኝ ያልኩት ለመነሻ ነው።"

"የምን መነሻ?"

"እናንተ 'አበዛኸው' እንድትሉኝ ነዋ! ከዚያ እኔ እሺ እንድል!"

ልጁ ሳቀ፤ በክፋት አይደለም። "አባባ፣ እንዲህ የሚል ቦታ ቅጹ ላይ የለም። ፈርመዋል።"

ሴትዮዋ ግን አልሳቀችም። ገብቷታል። "እኔ እኮ" አለች ቀስ ብላ፣ "እኔ ያላየሁትን ጉድለት እርስዎ አይተው መስሎኝ ነው። ታላቅ ሰው ነዎትና አፍሬ ዝም አልኩ።"

ሰውየው ወዳጄ ነው ብዬ ከመጀመሪያው መናገር ነበረብኝ። ዳኛ ሲገኝ ተናገር፣ ውኃ ሲጎድል ተሻገር ይላሉ፤ እኔ ራሴ ዳኛው ሆኜ ዝም አልኩ። ያኔም ቢሆን መናገር እችል ነበር። አልተናገርኩም። ልጁ ወረቀቱን ይዞ ወጣ።

ውጤቱ ሲነገር ልጆቹ ዘለሉ፣ ተሳሳሙ። ወዳጄ ነጭ ቆቡን አድርጎ ፊት ወንበር ላይ ነበር። መጀመሪያ ያጨበጨበው እርሱ ነው። ሲወጡ የሞተውን ልጅ፣ ማለቴ ሞቶ የተወነውን፣ ጠርቶ አቀፈውና "ሱሪህ ይረዝማል ልጄ፣ ነገ አምጣው ላሳጥርልህ" ሲለው ሰማሁ። መምህርቷ ከጎኑ ቆማ ስልኳን በሁለት እጇ ይዛለች። ወዳጄ ወደ እኔ መጣ።

"ምን ሆነህ ነው ፊትህ እንዲህ የጠቆረው?"

"ተሳስተዋል" አልኩት። "ትልቅ ስሕተት ነው የሠሩት።"

"ተሳስተዋል" አልኩ እንጂ "ተሳስተናል" አላልኩም። በዚያች ቃል ሁለት ወር ኖርኩ። ቢቸና ተመልሼ ፀሐይ የምንሞቅበት ግንብ ሥር ስለዚያ ፍርድ ያልነገርኩት ሰው አልነበረም። የጎማውን ዝናብ፣ የአስከሬኑን ዓይን እያነሣሁ አሳቅኋቸው። አንዱ እኩያዬ ታዲያ ሲሰማኝ ቆይቶ፣

"አንተ እዚያ ለምን ሄደህ ነበር? ልትበላ?" አለኝ።

"እኔ አንድ፣ እነርሱ ሁለት" አልኩት። ቁጥሩ ልክ ነው፤ ነገሩ ግን ውሸት ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት ወዳጄ ደወለ። ድምፁ ቀዝቅዟል።

"እህቴ አሳሰበችኝ" አለ። "ያን ፊልም በቴሌቪዥን አሳይተውት አየችው።"

"የትኛውን?"

"የመኪናውን ነዋ፣ አንደኛ የወጣውን። እኔ የለሁበትም ብዬ አልነገርኳትም ነበር፤ አልቻልኩም። እስከ መጨረሻው ስትፈልገኝ ቆይታ፣ በቀብሩ ላይ ነጭ ቆብ ያደረገ አንድ ሰው ከኋላው አየች። 'አንተ ነህ ወይ?' ብላ ደወለች። ምን ልበላት? አዎ አልኳት።"

"ታዲያ ምን ይላታል፣ ደስ አላት?"

"የት! 'አንገትህ እንደ ሸንበቆ ቀጥኗል፣ ምን በሽታ ያዘህ?' ብላ ስታለቅስ ሳምንቷ። ያ ሰውዬ ከሲታ ነው። እህልም አልበላ ብላለች፣ ልጇ ነግራኛለች።"

ስልኩን ዘጋሁ። ያቺ ሴት ስድስት ዓመት ጠብቃ የባዳ ማጅራት አየች። ያን ማጅራት ያሳየኋት እኔ ነኝ።

በማግሥቱ በመጀመሪያው ሚኒባስ ሞጣ ሄድኩ። በረንዳው ላይ እንደ ልማዱ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ መርፌዎች ክራቸውን ይዘው ተሰክተዋል። አጠገቡ በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ።

"ሃያ ሁለት ለሃያ አንድ ነው የተሸነፍከው" አልኩት።

"ይህን ያህል ቀርቤ ነበር? ማሻ አላህ።"

"ሁለቱ ስምንትና ዘጠኝ ሰጥተውህ ነበር። አራት የሰጠሁህ እኔ ነኝ።"

መርፌው ቆመ። መንገዱን እያየ፣ "ከስንት?" አለ።

"ከአሥር።"

አንዲት ተማሪ መጥታ "እንዴት አደሩ አባባ" ብላ ጥቁሩን ክር አስገባች፣ ለካች፣ በጠሰች፣ ሄደች። እርሷ እስክትርቅ ጠበቀ።

"'አበዛኸው' ይሉኛል ብለህ ነው?"

"ይሉኛል ብዬ ነው።"

"አላሉህም።"

"አላሉኝም። ደመሩት።"

ትከሻው ተንቀጠቀጠ። ሊያለቅስ ነው ብዬ ደነገጥኩ፤ እየሳቀ ነው። "አንተ ቂል" አለ ዓይኑን በክንዱ እየጠረገ። "እኔም ብሆን ያንተ ቢሆን ሦስት እሰጥህ ነበር!" ሳቁ ቀስ እያለ አለቀ። ከዚያ በዝግታ፣ "እህቴ ግን በዚህ የለችበትም" አለኝ። "እኔን ይሁን። እሷ ግን የለችበትም።"

"አውቃለሁ። ለዚህ ነው የመጣሁ።"

"ለልጅቷም ራስህ ትነግራታለህ። እኔ አልነግርልህም።"

ለመምህርቷ ነገርኳት፣ ትምህርት ቤት በር ላይ ቆሜ፣ ባርኔጣዬን አውልቄ። ትንሽ ፊቷ ቀላ፣ መሬት መሬት አየች። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ኋላ "አባባ፣ እኔም የጎረቤቴን ልጅ ፈተና ሳርም እጄ ይከብዳል" አለችና ሮጣ ሄዳ ፊልሙን በፍላሽ ገልብጣ ይዛልኝ መጣች። ፍላሿን በመሐረብ ቋጥሬ ደረት ኪሴ ውስጥ ከተትኳት። መንገዱ ሰላም ነው በተባለ በሦስተኛው ቀን ደጀን ወረድኩ።

የእህትየዋ ቤት ከዋናው መንገድ ዳር፣ ከአንድ አልጋ ቤት ፊት ለፊት ነው። ስገባ ተኝታ ነበር። ድምፄን ሰምታ፣

"አንተ ልጅ፣ ሞተ ልትለኝ ነው የመጣኸው?" አለችኝ። ሰባ አምስት ሊሆነኝ ነው፤ ለእርሷ ግን ልጅ ነኝ።

"ደህና ነው እትዬ። ላሳይሽ ነው የመጣሁ።"

የእነርሱ ቴሌቪዥን አሮጌ ናት፣ ለፍላሽ መሰኪያ የላትም። አልጋ ቤቱ ሄጄ ባለቤትየዋን ለመንኩ። ሹፌሮች ምሳ በልተው ኳስ እያዩ ነበር፤ ነገሩን ስነግራቸው አጉረመረሙ። አንድ ወፍራም ሹፌር ግን "ለእናት ነው አይደል? ዝጉት" ብሎ ተነሣ። እርሱና ረዳቱ ሄደው እትዬን ከነወንበሯ ተሸክመው መንገድ አሻገሯት። መኪኖቹ ጥሩምባ ሲነፉ እርሷ ከላይ ሆና "ቀስ በሉ፣ ሙሽራ ነኝ!" ትላቸዋለች። ፊት አስቀመጧት። እኔ ሄጄ የኋላውን ግድግዳ ተደገፍኩ።

ምሰሶው መጣ። እጆቹ መጡ። ወዳጄ ሲታይ ሻሿ ከፍ አለ፤ ከዚያ በኋላ አልተንቀሳቀሰችም። እኔ ፊልሙን አላየሁም። ያቺን ቀጭን ማጅራት ነው ያየሁ፤ ከሻሿ ሥር የወጣች ነጭ ጸጉር እንኳ አልተነቃነቀችም። የሹፌሮቹም አንገት እንደዚያው። ባዶዋን መርፌ መልሶ ሲሰካ ከውጭ የጭነት መኪና ሲያልፍ ተሰማ እንጂ ውስጥ ድምፅ አልነበረም።

"አልከሳም" አለች እትዬ። "ወፍሯል እንጂ።"

ወፍራሙ ሹፌር ዞረ። "ይሄ ነው የተሸነፈው? ይህን አይቶ የጣለው ማን የሚሉት ዳኛ ነው?"

ሁለት ወር ሙሉ "እነርሱ" ስል ነበር። "እኔ ነኝ" አልኩ።

"እንግዲያው አባባ፣ መንጃ ፈቃድ የሚሰጥበት ቦታ እንዳያስቀምጡዎት!" ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እትዬ ግን አልሳቀችም። አንገቷን እንደምንም አዙራ ፈለገችኝ።

"አንተ ነህ? ስንት ሰጠኸው?"

"አራት፣ ከአሥር።"

አሰበች። "ለክሩ ብለህ ነው?"

"የምን ክር እትዬ?"

"አላየህም? የጠመኔዋን መስመር ወደ ታች አውርዷታል። ክር አታስረዝም፣ ይቋጠርብሃል እያልኩ አፌ ተላጠ፤ ዛሬም አልተወም።" ራሷን ነቀነቀች። "ለክሩ ከሆነ ሁለት መቀነስ ነበረብህ። ስምንት ነው። አራትስ አጥፍተሃል።"

"አጥፍቻለሁ እትዬ።"

"እንግዲህ ድገመው፣ ላየው።"

ባለቤትየዋ ደገመችው። ፊልሙ ሲጀምር ወደ አልጋ ቤቱ በረንዳ ወጥቼ ለወዳጄ ደወልኩለት። አንድ ጊዜ እንደጠራ አነሣ፤ ስልኩን ጭኑ ላይ አድርጎ ሲጠብቅ እንደዋለ ገባኝ።

"አየችኝ?"

"አየችህ። ወፍሯል አለች።"

"ሌላስ?"

"ስምንት ሰጠችህ።"

"ሁለቱን ለምን ቀነሰች?"

"ለክሩ።"

ስቆ አላባራም። ሳቁ መሐል ላይ ድምፁ ተሰበረና እንደገና ተቃና። "ቆይ" አለኝ፤ ወንበር ሲገፋ ይሰማኛል። ሲመለስ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ይላል።

"ምን ስታደርግ ነው?"

"ጠመኔዋን ወደ ላይ አነሣኋት፣ አንድ ጣት። ንገራት። አንድ ጣት ብቻ ነው ግን።"